የወንድሜ የመጀመሪያ ስኖውቦርድ ደሴ ሊገባ ነው፤ ሳላበላሸው እንዴት ልስቀለው?

ቧንቧ ውሃ ሰፈር፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ካልጋሪ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ መጀመሪያ የገዛውን ስኖውቦርድ (ቆመው በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ሰሌዳ) ከነባይንዲንጉ (ከእግር ማሰሪያው) እና ከነጫማው ልኮልናል። ከዚያ ወዲህ የገዛቸውን ሁሉ ሸጧል፤ ይሄኛውን ግን እናታችን ሳሎን ይሰቀልልኝ ብሏል። አሁን ኮምቦልቻ አክስቴ ጋ ነው ያለው፣ ቅዳሜ በሚኒባስ ወደ ደሴ አወጣዋለሁ።

ያለበት ሁኔታ ይሄን ይመስላል። ጫፉ ላይ 156 የሚል ቁጥር አለ። እያንዳንዱ ባይንዲንግ መሃሉ ላይ ባለው ክብ ዲስክ በሦስት ብሎን ነው የታሰረው፣ ብሎኖቹ እንደ ጉልቻ ሦስት ማዕዘን ሠርተዋል። ዙሪያውን ያለው ብረት ብርቱካንማ ዝገት ይዟል። የታችኛው ጥቁር ፕላስቲክ ወደ ጠርዙ ነጣ ነጣ ብሏል፣ መሃሉ ላይ የጣት ርዝመት ያህል ጠለቅ ያለ ጭረት አለ። የግራው ባይንዲንግ ጥርሳም ማሰሪያ ተሰንጥቋል። የጫማው ሶል ደግሞ ሲነካ ይፈረፈራል። ላይኛው ፊት ላይ የተለጣጠፉ ስቲከሮች አሉ፣ አንዳንዶቹ ተልጠዋል።

ወንድሜ "ያገለገለ ነው የገዛሁት" ከማለት ሌላ የሚያስታውሰው የለም። የመቼ እንደሆነ በምን ይታወቃል? የቱ ይጽዳ፣ የቱ እንዳለ ይተው? የእናታችን ቤት የፊተኛው ክፍል ጭቃ፣ ከኋላ የተቀጠለው ብሎኬት ነው፤ የትኛው ግድግዳ ይሻላል? የእህቴ ልጅ (12 ዓመቱ ነው) ቆሜበት ልየው እያለ አስቸግሮናል፤ ይፈቀድለት?

ከቶሳ ስር፦

አብሽር፣ ያልከው ሁሉ ለዕድሜው የሚጠበቅ ነው፣ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ግን ከምንም በፊት ካቻቢቴውን አስቀምጥ። ሰው አሮጌ ቦርድ ሲያገኝ የመጀመሪያ ሥራው ባይንዲንጉን ፈትቶ ማጠብ ነው፤ እዚያው ላይ ዋናው ነገር ይጠፋል። ቦርዱን ፋብሪካ ነው የሠራው፣ ተመሳሳዩ ብዙ ነው። የወንድምህ የሚያደርገው የባይንዲንጉ አቀማመጥ ነው፤ አንዴ ከፈታኸው ደግሞ እሱ ራሱም አያስታውሰውም።

ስለዚህ መጀመሪያ መዝግብ። ዲስኩ ዙሪያ ትንንሽ መስመሮች አሉ፣ ብዙ ጊዜ አንዱ መስመር 3 ዲግሪ ነው። ባይንዲንጉ ላይ ያለው ቀስት የትኛው መስመር ላይ እንደቆመ ቁጠር፤ የፊቱንም የኋላውንም ለየብቻ ጻፍ። ለምሳሌ የፊቱ 21፣ የኋላው 6 ሆኖ ሁለቱም ወደ አፍንጫው (የቦርዱ የፊት ጫፍ) ከዞሩ ወደ ፊት ለመሄድ የተስተካከለ ነው። አንዱ ወደ አፍንጫው 15፣ ሌላው ወደ ጭራው (የኋላው ጫፍ) 15 ከሆነ፣ እግር እንደ ዳክዬ የሚከፈትበት አቋም ነው፤ ይሄ በኋለኛው ዘመን ነው የበዛው። ከዚያ ከአንዱ ዲስክ መሃል እስከ ሌላው ዲስክ መሃል በሴንቲሜትር ለካ። በመጨረሻም የቱ እግር ፊት እንደነበር እይ፦ አፍንጫው ብዙ ጊዜ ከጭራው ትንሽ ይረዝማል፣ ፊት ያለው ባይንዲንግም አንግሉ ይበልጣል። ግራ እግር ፊት ከሆነ ሬጉላር፣ ቀኝ ከሆነ ጉፊ ነው። ከላይ ቀጥ አድርገህ ፎቶ አንሳ፣ ሜትሩን አጠገቡ ዘርግተህ።

ወደ ዕድሜው ስመጣ፣ የሦስት ብሎኑ ሦስት ማዕዘን በርተን የሚባለው ኩባንያ ምልክት ነው፤ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደዚያው ናቸው) መጀመሪያ ጀምሮ መሃሉን ሰንጥቆ የሚያልፈው የቻናል አሠራር እስኪተካው ድረስ ሠርቶበታል። ሌሎቹ ኩባንያዎች ባብዛኛው በአራት ብሎን ነው የሚያስሩት፣ 4 ሴንቲሜትር በ4 ሴንቲሜትር። ስለዚህ አምራቹ ላይ ብዙም አትጨነቅ፣ ዓመቱን ነው የምታጠብበው።

ቦርዱን ሊሾ ወለል ላይ አስተኛውና ጎኑን እይ። መሃሉ ከወለሉ ከፍ ብሎ ወደ አፍንጫውና ወደ ጭራው የሚነካ ከሆነ ካምበር ይባላል፣ የድሮው አሠራር ነው። መሃሉ ነክቶ ጫፎቹ የሚነሱት ዓይነት ገበያውን የያዘው ከ2006 ወዲህ ነው። ቀጥሎ ጎኑን በጥፍርህ ዳሰው፦ ላይኛው ፊት ሳይቋረጥ ተጠምዝዞ እስከ ብረቱ ከወረደ ካፕ ነው፣ በ1990ዎቹ ፋሽን የነበረ። ቀጥ ያለ የፕላስቲክ ግድግዳ ካለው የሳንድዊች አሠራር ነው፣ እሱ ከፊትም ከኋላም ስላለ ብቻውን ዓመት አይነግርህም። ጭራው አካባቢ ተከታታይ ቁጥር ፈልግ። ባርኮድ ወይም በቀለም የተጻፈ ሁለት ሦስት አሃዝ ቁጥር ካገኘህ ደግሞ የኪራይ ቤት (ቦርድ የሚያከራይ ሱቅ) ቦርድ ነበር ማለት ነው። ኪራይ ቤቶች በወቅቱ ማብቂያ ያገለገሉትን በርካሽ ስለሚሸጡ የብዙ ሰው የመጀመሪያ ቦርድ ከዚያ የወጣ ነው። እሱን ቁጥር እንዳታጸዳው።

ስቲከሮቹንም እንደዛው ተዋቸው። ካልጋሪ ከሆነ የናኪስካ ወይም የሌክ ሉዊዝ (የስኪ ተራሮች ናቸው) ስቲከር አይጠፋበትም፤ ናኪስካ ለ1988ቱ የካልጋሪ ኦሎምፒክ የተሠራ ነው። የተላጠውን ጫፍ በውሃ በቀጠነ ቪናቪል በጥርስ እንጨት ቀብተህ መልሰው፣ ሱፐር ግሉ ግን አይነካም፣ ነጭ ጭጋግ ይተዋል።

ሀይቅ መንገድ፦

ምን ግድግዳ ላይ ያሰቅለዋል ጃል? ደሴ ላይ ተራራ ጠፍቶ ነው? ከቶሳ ቁልቁል፣ ካልሆነም ውርጭ ሲመታ ጠዋት ቦሩ ሜዳ ወስዶ መሞከር ነው እንጂ። ሳርም እኮ ያንሸራትታል።

ከቶሳ ስር፦

ሳር ላይ አይሄድም። በረዶ ላይ የሚንሸራተተው ከቤዙ (ከታችኛው ጥቁር ፕላስቲክ) ስር፣ በበረዶው ፊት ላይ፣ ስስ የውሃ ሽፋን ስላለ ነው። ደረቅ ሳር ያንን አይሰጥም። እርጥብ ሳር ትንሽ ያስኬዳል፣ ግን ሰውየው ልታጠፍ ብሎ ጠርዙን ሲጫን ብረቱ አፈር ውስጥ ይገባና ቦርዱ ባለበት ይቀራል፤ እግር ታስሯልና ሰውነት ወደ ቁልቁለቱ ይወረወራል። የእጅ አንጓ የሚሰበረው እንደዚህ ነው። ቶሳ ላይ ደግሞ ድንጋዩ አለ፣ አንዱ ብቻ ቤዙን እስከ እንጨቱ ይሸረክተዋል። የቦሩ ሜዳ ውርጭ መሬቱን ነጭ ያደርገዋል እንጂ ውፍረት የለውም፣ ቦታውም ሜዳ ነው፤ ሳይንሸራተት ፀሐይ ይወጣበታል። በክረምት የሚዘንበው በረዶም ጠጠር ነው፣ አይጠቀጠቅም።

እግረ መንገዴን፣ ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቶሪኖ ላይ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሎምፒክ ሲወክል የተወዳደረው በሀገር አቋራጭ ስኪ ነው፣ በስኖውቦርድ አይደለም። አንዳንዱ ያምታታዋል።

ቶርኖ ቤት (ኮምቦልቻ)፦

ከዝገቱ በፊት ጉዞው። ሚኒባስ ላይ ስትጭነው ገመዱን በቀጥታ ጠርዙ ላይ እንዳታጠብቅ፤ የጠርዙ ብረት አሮጌም ሆኖ ገመድ ይበላል፣ የረዳቱንም እጅ ይቆርጣል። የውሃ ጎማ ግዛ፣ በርዝመቱ በምላጭ ሰንጥቀህ ዙሪያውን አልብሰው። ቤዙ ወደ ላይ ይሁን፣ ባይንዲንጉ ስር ማዳበሪያ ወይም ብርድ ልብስ ይግባ። ከላዩ ላይ ጆንያ እህል እንዳይጭኑበት ተናገር፤ ጎብጦ የተሠራ እንጨት ተጭኖ ሰዓታት ሲሄድ ደስ አይለውም።

ዝገቱ ብርቱካንማ ከሆነ ላይ ላዩን ነው። በድስት መፈግፈጊያ ብረት ሽቦ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርግና በጠርዙ ርዝመት ብቻ እሸው፤ ወደ ጎን ከፈገፈግህ ፕላስቲኩን ትቧጥጠዋለህ። ካልለቀቀ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ትንሽ እንጨት ላይ ጠቅልለህ፣ አሁንም በዘይት። ከ400 በታች ሻካራ አትውሰድ። ፍሌክሲብል (የመፍጫ ማሽን) የሚያቀርብልህ ካለ ከቤቱ አስወጣው። ብረቱ ከሁለት ሚሊሜትር ብዙም የማይበልጥ ስስ ነው፣ ማሽን በአንድ ማለፍ ያግለዋል፤ ሲግል የያዘው ኤፖክሲ (ሙጫ) ይለቃል። ካበቃህ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ጠርገህ አንድ ስስ ዘይት ቀብተህ ተወው። ጥቁር ጠባሳ ሆኖ የቀረው ዝገት ምንም አያደርግም፣ መስተዋት እስኪሆን አትታገል።

ሊያሳስብህ የሚገባው ሌላ ነው። ብረቱና ቤዙ በሚገናኙበት መስመር ላይ እብጠት ካለ፣ ወይም የዝገት ውሃ ከውስጥ ፈሶ የደረቀ ምልክት ካለ፣ ውሃ ገብቷል። በጣትህ አንጓ ከአፍንጫ እስከ ጭራ አንኳኳው። ጥብቅ ያለ አጭር ድምፅ ጤና ነው። ባዶ ባዶ የሚል ቦታ ካገኘህ ንጣፎቹ ተላቀዋል ማለት ነው፤ እዚያ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርግና መልሰህ ጠይቀን።

ከቶሳ ስር፦

ቤዙ ላይ ያለው ንጣት ሰሙ ማለቁ ነው፣ ፕላስቲኩ አልሞተም። ቤዙ ፖሊኤቲሊን ነው፣ ሰም ይጠጣል። ለግድግዳ ስለሆነ የውድድር ሰም አያስፈልግህም፤ ከሱቅ የሚሸጠው ተራ ነጭ ሻማ ፓራፊን ነው፣ ይበቃል። ቀለም ያለውና ሽታ ያለው ይቅር። ጧፍ ይሻላል የሚልህ ካለ አትስማ፤ ጧፍ የንብ ሰም ነው፣ ተለጣፊ ስለሆነ አቧራ ይሰበስብልሃል።

አሠራሩ፦ ቦርዱ ቤት ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ። ቤዙን በደረቅ ጨርቅ፣ የተጣበቀ ቅባት ካለ በላምባ በነካ ጨርቅ ጥረግና ሌላ ሰዓት ይቆይ። አሴቶን ግን በምንም ተአምር፤ የጎኑን ፕላስቲክ ያሟሟዋል። የኤሌክትሪክ ካውያ፣ ውሃው ተደፍቶ እንፋሎቱ ተዘግቶ፣ ሻማ ማቅለጥ በሚችልበት ዝቅተኛ ሙቀት። የከሰል ካውያ አይሆንም፣ ሙቀቱን የምትቆጣጠርበት መንገድ የለም። ሻማውን ካውያው ላይ አስደግፈህ ጠብታውን ቤዙ ላይ በትን፣ ግማሽ ሻማ ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ ካውያውን ሳታቆም ከአፍንጫ ወደ ጭራ ሳበው። ከኋላው የአራት ጣት ያህል ርጥብ መስመር እየተከተለው ወዲያው ከደረቀ ልክ ነህ። ጢስ ካየህ በጣም ግሏል። አንድ ቦታ ከቆምክ ቤዙ ራሱ ይቀልጣል፣ እሱ አይመለስም። እየደጋገምክ እጅህን ሰድደህ ከስር ያለውን ላይኛውን ፊት ንካ፤ ለብ ካለ አቁም፣ ይቀዝቅዝ።

ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲበርድ በፕላስቲክ ማስመሪያ ጠርዝ ትርፉን ከአፍንጫ ወደ ጭራ ፋቀው። ጠርዙ ብረት ላይ የቀረውን አትፋቀው፤ ከእርጥበት ይሸፍነዋል።

ጭረቱን በምላጭ ጫፍ ሳይሆን በዓይን መርምር። ውስጡ ጥቁር ከሆነ ተወው፣ የቦርዱ ታሪክ ነው። እንጨት ወይም ነጭ የብርጭቆ ክር ከታየ ግን መዘጋት አለበት፣ አለዚያ በክረምት ከግድግዳው እርጥበት ይጠጣል። ባለ ሁለት ቱቦ ኤፖክሲ፣ በ5 ደቂቃ የሚደርቀው ሳይሆን 24 ሰዓት የሚጠብቀው፤ የፈጣኑ ሲደርቅ ድርቅ ብሎ ይሰነጠቃል፣ ቦርድ ደግሞ ይተጣጠፋል። ቀድሞ ኤፖክሲ፣ ኋላ ሰም። ተገልብጦ ከተሠራ ሰም ላይ ምንም አይጣበቅም።

የጫማው ሶል በቃው። መካከለኛው ንጣፍ ፖሊዩረቴን ሲሆን ከአየር እርጥበት እየጠጣ በዓመታት ራሱ ይፈርሳል፤ ያልተነካ ካርቶን ውስጥ ቢቀመጥም ያው ነው። ማጣበቂያ አታባክንበት። ለማሳያ ከፈለጋችሁት ውስጡን ጋዜጣ ሞልታችሁ ቅርጹን አስይዙት፣ ማንም ግን አይራመድበት። የተሰነጠቀው ማሰሪያም እንደዛው፣ ፕላስቲኩ ስላረጀ ሌላውም ይከተለዋል። ልጁ ባይንዲንግ ውስጥ እግሩን እንዳያስገባ። ምንጣፍ ላይ፣ የውሃ ጎማው ብረቱን እንደሸፈነ፣ በካልሲ ሆኖ ከባይንዲንጎቹ መሃል ቢቆም ግን ቦርዱ ምንም አይሆንም፤ ከዚያ የባሰ እንዲሸከም ነው የተሠራው።

ሀይቅ መንገድ፦

እሺ ቶሳውን ተውኩት። ልጁ ከፈለገ ግን ስሩ ክብ ቱቦ አድርጎ ሚዛን መለማመጃ ቢሠራለትስ? ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ።

ጉማሬ አናጺ፦

በዚህ ቦርድ አይሠራም። ቤዙ እንዲያንሸራትት የተሠራ፣ ከላዩ ደግሞ ሰም የጠጣ ነው፤ ቱቦው እየተሽከረከረ በመያዝ ፈንታ ይሾልክበታል። ቱቦው ከጫፍ እንዳይወጣ ከስር ማገጃ ያስፈልጋል፣ ማገጃውን ለማሰር ደግሞ ቤዙ መበሳት አለበት። የወንድሙን የመጀመሪያ ቦርድ ድሪል የሚያስገባበት ሰው ካለ እኔ አላውቀውም።

ለልጁ ለብቻው ይሠራለት፣ ርካሽ ነው። 18 ሚሊሜትር ኮምፔርሳቶ፣ 80 በ28 ሴንቲሜትር፣ ማዕዘኖቹ የተሞረዱ። ከስሩ በሁለቱ ጫፍ 3 ሴንቲሜትር ከፍታ ያላቸው የሞራሌ ቁራጮች ከዳር 5 ሴንቲሜትር ገባ ብለው በቪናቪልም በብሎንም ይታሰሩ። ቱቦው ለፍሳሽ የሚሸጠው 110 ሚሊሜትር ፒቪሲ፣ 40 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ ወፍራሙ ዓይነት። ስሱ በልጅ ክብደት እንኳ ሞላላ ይሆናል። ቱቦው ላይ አሮጌ ምንጣፍ ጠቅልልበት። መጀመሪያ ምንጣፍ ላይ፣ አንድ እጁ ግድግዳ ነክቶ።

ወደ አሰቃቀሉ ልግባ። ቦርዱ ብቻውን 3 ኪሎ ገደማ፣ ባይንዲንጉ ሲጨመር 5 ኪሎ ቢሆን ነው። ክብደቱ ምንም አይደለም፣ ችግሩ ግድግዳው ነው።

የጭቃው ክፍል ያምራል፣ ሰውም የሚገባው እዚያ ነው፤ ግን ጭቃ ምስማር አይዝም። ቋሚውን ፈልግ። በጣትህ ስታንኳኳ ድምፁ የሚወፍርበት ቦታ ላይ በቀጭን ምስማር ሞክረህ እንጨት መሆኑን አረጋግጥ። ሁለት ቋሚዎች ካገኘህ በኋላ አንድ ሞራሌ አግድም አድርገህ ከሁለቱም ጋር በ10 ሴንቲሜትር ብሎን እሰረው። ቦርዱን የሚሸከሙት ክንዶች ሞራሌው ላይ ይታሰራሉ እንጂ ግድግዳው ላይ አይደለም። በዚህ መንገድ ክንዶቹን የፈለግከው ርቀት ላይ ማድረግ ትችላለህ፣ ቋሚዎቹ የትም ይሁኑ። ብሎኬቱ ላይ ከሆነ ባለ 8 ፊሸር ይበቃል፤ ድሪሉን ያለ መዶሻ አድርገህ ብሳው፣ ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ስለሆነ በመዶሻ ሲመታ ከውስጥ ይፈነቀላል፣ ፊሸሩ ይዞራል።

ቦርዱ አግድም ይተኛ፣ ቤዙ ወደ ግድግዳው፣ ጠርዙ ክንዶቹ ላይ አርፎ። ክንዶቹ ከ70 እስከ 80 ሴንቲሜትር ይራራቁ፣ መሃላቸው ቦርዱ በአንድ ጣት ሚዛን በሚቆምበት ነጥብ ላይ ይሁን። ክንዱ ላይ ቦይ ቁረጥ፣ ስፋቱ 15 ሚሊሜትር፤ ቦርዱ መሃሉ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ ቀሪው ለጨርቁ። ቦዩን በሱፍ ጨርቅ ወይም በቆዳ ሸፍነው። ካላማዳሪያ የሚያስቀምጡ አሉ፣ ጥቁር ጎማ ከፕላስቲክ ጋር ዓመት ሲቆይ ቀለሙን ይለቅበታል። ቦዩ ወደ ግድግዳው ትንሽ ይዘንበል፣ ቦርዱ በራሱ ክብደት ደገፍ እንዲል። ከላይ በኩል ጀርባው የሚያርፍበት ሌላ ትንሽ እንጨት ይኑር፣ አለበለዚያ ቤዙ ግድግዳ ይነካል።

ከግድግዳው ቢያንስ 4 ሴንቲሜትር ይራቅ፣ በክረምት አየር እንዲያልፍ። ከወለሉ ከ1 ሜትር ተኩል በላይ፤ የጭቃ ግድግዳ እርጥበቱን ከስር ነው የሚስበው። ከመስኮት ትይዩ አይሁን፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐይዋ ቀለም ትበላለች፣ ቀዩ ይቀድማል። ቡና የሚፈላበት ጥግም አይሁን፣ የዕጣኑና የከሰሉ ጢስ ፕላስቲክ ላይ ቢጫ ሆኖ ይቀራል።

ሰኞ ገበያ፦

ላይኛውን ፊት አንድ እጅ ቫርኒሽ ቢቀባው አይሻልም? ስቲከሩም ሥዕሉም ተጠብቆ ይቀራል።

ጉማሬ አናጺ፦

አይሻልም። የቫርኒሹ ማቅጠኛ የስቲከሩን ቀለም ያፈሰዋል፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ራሱ ቢጫ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ከስቲከሩ ጋር ካልሆነ አይነሳም። የላይኛው ፊት ናይለን ከሆነም በደንብ አይዝም፣ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ለብ ባለ ውሃ የራሰ ጨርቅ፣ ትንሽ የሳህን ሳሙና፣ ከዚያ ደረቅ ጨርቅ። አበቃ።

ቧንቧ ውሃ ሰፈር፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ጠቀማችሁኝ። ቅዳሜ ሳልጠብቅ አክስቴ ቤት ሄጄ አየሁት። የፊቱ ባይንዲንግ 18፣ የኋላው 3፣ ሁለቱም ወደ አፍንጫው። በመሃላቸው 51 ሴንቲሜትር። ፊት የነበረው ቀኝ እግር ነው። ወለል ላይ ሲተኛ መሃሉ ከፍ ይላል፣ ጎኑ እስከ ብረቱ ተጠምዝዞ የወረደ ነው። ጭራው ላይ በነጭ ቀለም 47 ተጽፏል።

ጭረቱ ውስጥ እንጨት አይታይም። ሲንኳኳ ከጭራው በኩል የመዳፍ ግማሽ የሚያህል ቦታ ባዶ ድምፅ አለው። እንዲሁም ለማጽዳት ብዬ የኋላውን ባይንዲንግ ልፈታ ስል አንደኛው ብሎን ጭንቅላቱ ተበላ፣ አይዞርም። ምን ይደረግ?

ከቶሳ ስር፦

ካፕ፣ ካምበር፣ ሦስት ብሎን፣ ሁለቱም ወደ ፊት የዞሩ፣ 47 ቁጥር፤ በ1990ዎቹ የኪራይ ቤት ሆኖ የጀመረ ቦርድ ይመስላል። ያን ዘመን ብዙ ሰው ገና ወደዚህ ነገር እየገባ ነበር፤ ስኖውቦርድ ኦሎምፒክ ውስጥ የገባው በ1998 ናጋኖ ላይ ነው፣ ከዚያ በፊት ብዙ የስኪ ተራሮች ስኖውቦርድ አናስገባም ይሉ ነበር። ከሥር መሠረቱ ካየኸው ዕቃው ራሱ ሩቅ አይደለም፦ ሸርማን ፖፐን የሚባል አሜሪካዊ በ1965 ሚሺጋን ውስጥ ለልጆቹ ሁለት ስኪ አንድ ላይ አስሮ ስነርፈር ያለውን ሠራ፣ ጄክ በርተን ደግሞ በ1977 ቨርሞንት ላይ ኩባንያውን ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ የብረት ጠርዝ አልነበራቸውም፣ ስለዚህ ያንተ ዝገት ራሱ የዘመን ምልክት ነው። ጉፊ መሆኑንም ለወንድምህ ንገረው፣ አሁንም በቀኝ እግሩ እየመራ ይሆናል።

ቶርኖ ቤት (ኮምቦልቻ)፦

ብሎኑን የበላኸው በትንሽ ካቻቢቴ ነው። የባይንዲንግ ብሎን ባለ መስቀል ቁጥር 3 ይፈልጋል፣ ቤት ውስጥ ያለው ባብዛኛው ቁጥር 2 ነው፤ ይገባል ግን ጥርሱን አይሞላውም። የቀሩትን በቁጥር 3 ፍታ፣ ከመፍታትህ በፊት ጥቂት አጥብቀህ፣ የዛገው ክር እንዲላቀቅ።

የተበላው ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ጠብ አድርግና ሌሊቱን ይደር። ጠዋት ቁጥር 3ን አስገብተህ፣ ሁለት እጅ ተጭነህ አዙር፣ ከመዞሩ ይልቅ መጫኑ ይብለጥ። እምቢ ካለ በሴጌቶ ምላጭ ጭንቅላቱ ላይ አንድ ቀጥ ያለ ቦይ ቁረጥና በሰፊ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ፍታው። ዲስኩን ትንሽ ትቧጥጠው ይሆናል፣ ከቦርዱ ይሻላል። ብሎኑ ሲዞር ኢንሰርቱ አብሮ የሚዞር ከመሰለህ ግን ወዲያው አቁም። ኢንሰርቱ በኤፖክሲ የተቀበረ ክር ያለው ብረት ነው፣ ከዞረ እንጨቱን ይቦረቡራል። ያኔ ባይንዲንጉን ሳትፈታ ጥርስ ብሩሽ ይዘህ እዚያው እንዳለ አጽዳው።

ጭራው ላይ ያለውን ባዶ ቦታ ጠርዝ ጋ ክፍተት ካለው ብቻ ነው የምትነካው። ክፍተት ካለ ቀጭን ማስመሪያ ወይም የምግብ ቢላ ጀርባ አስገብተህ ክፈተው፣ በፀጉር ማድረቂያ ቀዝቃዛ አየር አድርቀው፣ የ24 ሰዓቱን ኤፖክሲ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ግፋው። ከላይም ከታችም ፌስታል፣ በፌስታሉ ላይ ጠፍጣፋ እንጨት፣ ከዚያ ሞርሳ። የተረፈው ኤፖክሲ ብቅ ሲል ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ብታጠብቅ ሙጫውን በሙሉ አውጥተህ እንጨቱን ደረቅ ታስቀረዋለህ። ክፍተት ከሌለውና ዝም ብሎ ድምፁ ብቻ ከሆነ አትብሳው፣ ግድግዳ ላይ ማንም አይታጠፍበትም።

ቧንቧ ውሃ ሰፈር፦

ወጣ! በሴጌቶው ነው የወጣው፣ ኢንሰርቱ አልዞረም። ክፍተትም የለውም፣ ስለዚህ ተውኩት። አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ለተበላው ብሎን ምትክ ፒያሳ ብረታ ብረት ሱቅ አገኛለሁ? ምን ልበል?

ቶርኖ ቤት (ኮምቦልቻ)፦

ታገኛለህ። ክሩ ኤም 6 ነው፣ ፒቹ (በክሩ ጥርሶች መሃል ያለው ርቀት) 1 ሚሊሜትር፣ ተራው ዓይነት። ጭንቅላቱ ዲስኩ ውስጥ የሚሰምጥ ሾጣጣ ይሁን፣ ክብ ጭንቅላት አይቀመጥም። ርዝመቱን የወጣውን ብሎን ይዘህ አመሳስል፤ ብዙ ጊዜ 16 ሚሊሜትር ነው። 20 ይሆናል ብለው ቢሰጡህ አትቀበል፣ ትርፉ ከታች ቤዙን ይገፋና ብጉር ያወጣበታል። በእጅህ እስከሚቆም አዙረው፣ ከዚያ በካቻቢቴ ሩብ ዙር ብቻ። ስትጨርስ ከስር ቤዙን በመዳፍህ ዳሰው።